ስካነሩን አጥፊው፤ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጪ

አንዲት የኮምቦልቻ እህት የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«አባቴ ሁለት የጭነት መኪናና አንድ የግንባታ እቃ መደብር አለው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ወረቀት በሰባት ካርቶን ተከምሯል። በቅርቡ 50 ወረቀት በአንዴ የሚጎርስ ስካነር ገዛን። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ገጠመኝ። ወረቀት እየነከሰ አንድ ደረሰኝ ለሁለት ቀደደብኝ። በየገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ይመጣል። ማህተሙ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ ወረቀቱ? የቱን ላስገባ፣ የቱን ልተው?»

ሰላም እህቴ። አንቺ ማለቴን በድፍረት እንዳትቆጥሪብኝ፤ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም። እኔ ያለሁት ደሴ ነው። ድሮ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። አሁን ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሰው ወረቀት ስካን በማድረግ እተዳደራለሁ።

ማሽንሽ ደህና ይመስለኛል። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ቸኩለሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስካነር ላይ ግን ያፈሰሱትን መልሶ መልቀም ሁልጊዜ አይቻልም። ስለ ተቀደደችው ደረሰኝ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። እስከዚያ በፕላስተር እንዳትለጥፊያት።

ለጊዜው ማሽኑን አጥፊው። እኔ ጋ አንድ ካርቶን ሲመጣ ስካነሩ የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ቀን እቀመጣለሁ። ደንበኞች ይገርማቸዋል። «ማሽን አለህ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። አለኝ። ማሽኑ ግን ሽቦ አይነቅልም። የታጠፈ አያቃናም። የመኪናውን ደረሰኝ ከመደብሩ ደረሰኝ አይለይም።

ሰባቱንም ካርቶን አንድ ላይ እንዳትዘረግፊ። አንዱን ብቻ ክፈቺ። መጀመሪያ የምትፈልጊው ዋና ዋናውን ሰነድ እንዳይመስልሽ። የሚሞተውን ነው የምትፈልጊው። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣውን ደረሰኝ ማለቴ ነው።

ያ ደረሰኝ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነገር የተቀባ ነው፤ ማሽኑ የሚጽፍበትም እያሞቀ ነው። እርግጠኛ ካልሆንሽ ዳሩን በጥፍርሽ ፈጠን አድርገሽ ጫር አድርጊው። ጠቆር ያለ መስመር ከወጣ እሱ ነው። ብርቱ ሙቀት ሁለመናውን ያጠቁረዋል፤ የከረመ ሙቀትና ፀሐይ ያጠፉታል፣ የፕላስተር ሙጫና አንዳንድ ፕላስቲክም ያጠፉታል። የነዳጅ ደረሰኝ ዳሽቦርድ ላይ ከርሞ ሲመጣ አይተሽ ይሆናል። ሹፌሩ «ይኸው ደረሰኙ» ብሎ ባዶ ነጭ ወረቀት ያቀብልሻል። አልዋሸም፤ ደረሰኝ ነበረ።

ስለዚህ ከየካርቶኑ እነዚህን አስቀድመሽ ልቀሚ፤ መጀመሪያ ስካን የሚደረጉትም እነሱ ይሁኑ። የደበዘዙትን በቀለም ወይም በግራጫ ሞድ አንስተሽ ኮንትራስቱን ከፍ አድርጊው። ለዓይን የጠፋ የሚመስለው ቁጥር አንዳንዴ ብቅ ይላል። ከዚያ በወረቀት ፖስታ አድርገሽ ብርሃን በማይገባበት መሳቢያ አስቀምጪያቸው። አንዳንድ ሰው እንዳይጠፋበት ብሎ ላሚኔት ያስደርገዋል። አደራሽን! ላሚኔት የሚሠራው በሙቀት ነው። ደረሰኙ ከል ለብሶ ይወጣል።

ቀጥሎ የማይገባውን ለዪ። ሰባት ካርቶን ብለሽኛል። እኔ ሳላየው አራት ወይም አምስት ካርቶን ነው እላለሁ፤ ሌላው ኮፒ ነው። እዚህ አገር ለማንኛውም ጉዳይ «ሁለት ኮፒ አምጣ» ስለሚባል ሰው አምስት ያስነሳና ሦስቱን መልሶ ካርቶን ውስጥ ይከታል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ካርቶን ውስጥ የአንድ ዓመት ንግድ ፈቃድ 14 ኮፒ አውጥቻለሁ። ዋናው ካለ ኮፒው ስካን አይደረግም። ልብ በይ ግን፤ ኮፒው ላይ አዲስ ማህተም ከተመታበት ወይም በእጅ የተጻፈ ነገር ካለበት ኮፒ መሆኑ ቀርቷል። ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። እሱን ያዢው።

ስካን አድርጌዋለሁ ብለሽም ዋናውን እንዳትጥዪ። የግብር ሕጉ ነጋዴ ሰነዱን ለዓመታት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ኦዲተር ሲመጣም የሚጠይቅሽ ዋናውን ነው። የቱ ዓመት ይወገድ የሚለውን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ጨርሱት። ስካኑ ቶሎ መፈለጊያሽና ክፉ ቀን ሲመጣ መጠባበቂያሽ ነው። በ2014ቱ ጦርነት እኛም እናንተም ጋ ስንት ወረቀት መሬት ላይ ተበትኖ እንደተገኘ ላንቺ አልነግርሽም።

የይዞታ ደብተር፣ ሊብሬ፣ የብድር ውል፣ ውክልና፣ ፓስፖርት፣ እነዚህ በፊደር፣ ማለትም ማሽኑ የተደረደረ ወረቀት በሚጎርስበት አፍ፣ አይገቡም። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው። ማሽንሽ ከላይ ክዳን፣ ከክዳኑ ስር መስታወት ካለው አንድ በአንድ እዚያ ላይ አንጥፊያቸው። መስታወት ከሌለው አንዳንድ ስካነር አብሮት የሚመጣ ግልጽ የፕላስቲክ መያዣ አለው። ሰነዱን እንደ ሳንድዊች መሃል አድርገሽ ትሰጪዋለሽ። ማሽኑ ፕላስቲኩን ይጎትታል እንጂ ሰነዱን አይነካም። ሁለቱም ከሌለሽ አንድ ጎረቤት ቢሮ ሄደሽ አስነሺው። ለአምስት ደቂቃ ስንፍና የይዞታ ደብተር አይቀደድም።

እግረ መንገዴን፤ ወሎ ውስጥ የአያት ሳጥን ሲከፈት ያረጀ ኪታብ ወይም የብራና መጽሐፍ መውጣቱ ብርቅ አይደለም። ከካርቶንሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመሽ መስታወት ላይም እንዳትደፊው። መስፊያው ይላቀቃል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ጠረጴዛ ላይ እንደልቡ ተከፍቶ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት መስኮት አጠገብ፣ ከላይ በካሜራ ይነሳ።

አሁን ወደ ዋናው ክምር እንምጣ። ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የጭነት ማስረከቢያ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን።

ጠላትሽ የስቴፕለር ሽቦ ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ ፈልቀቅ ያደርገዋል። ሽቦው ይወጣል፤ ጥጉን ግን ይዞት ይሄዳል። ወረቀቱን ገልብጪው። ከጀርባው ሁለቱን የታጠፉ እግሮች በመንቀያው ጫፍ ቀና ቀና አድርጊያቸው። መልሰሽ ገልብጪና ከፊት በኩል ወደ ላይ ሳቢው። ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ያወጣሽውን ሽቦ ስኒ ውስጥ ጣይው እንጂ ጠረጴዛው ላይ አትተዪው።

የቆየ ሽቦ ደግሞ ይዝጋል። ደሴ ላይ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ የእኛ ካርቶን ሽቦው ሁሉ ቡናማ ነው። የዛገ ሽቦ ስትነቅዪው ይሰበርና አንድ እግሩ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ዓይን አያየውም። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የሽቦ ስባሪ ከደብዳቤ ጋር ገብታ የስካነሩን መስታወት ፈተገችው። ከዚያ ወዲያ ያነሳሁት ገጽ ሁሉ መሃሉ ላይ መስመር ነበረው። ብጠርገው ባጥበው አልለቀቀም። መስታወቱ እስኪቀየር ድረስ ደንበኛ ባየው ቁጥር አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምጃለሁ። ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ማግኔቱን አውጥቼ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ተነቅሎ የተዘጋጀውን ወረቀት ሳሳ ሳሳ አድርጌ ዘርግቼ ከላዩ ላይ አሳልፈዋለሁ። ስባሪ ሽቦ ካለ ጠቅ ብሎ ይጣበቃል። ወይም ወረቀቱ ብድግ ይላል። ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ ስንት ጊዜ አትርፎኛል።

አግራፍ ቀላል ነው፤ ይታያል። ተለጣፊ ማስታወሻ ግን ከተነሳ በኋላም ሙጫው ይቀራል። በጣትሽ ዳስሺው። የሚይዝሽ ከሆነ ማሽኑንም ይይዘዋል። ፍሉድ የተቀባ ገጽ ካለ በደንብ መድረቁንና አለመፈርፈሩን እዪ። ፍርፋሪው የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

ከሽቦው ከተገላገልሽ በኋላ ጥጉ የተበላ ወረቀት ይኖርሻል። ክላሰር ውስጥ ከርሞ ቀዳዳው የተተለተለም አለ። ያን በኩል አታስቀድሚ። ደህናውን ጠርዝ አስቀድመሽ አስገቢ፤ ገጹ ተገልብጦ ቢነሳ ችግር የለውም፤ ፕሮግራሙ ላይ በአንድ ጠቅታ ታዞሪዋለሽ። ወረቀት ሲነክስ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ማሽኑ ወረቀቱን የሚያገኘው በጠርዙ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላው ይከተላል።

የመኪኖቹ ወረቀት ሌላ ዓለም ነው። መኪኖቻችሁ በባቲና በሚሌ በኩል ወርደው ጅቡቲ የሚመላለሱ ከሆነ ማስረከቢያው ምን መስሎ እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። አራት ቦታ ታጥፎ፣ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ላብ ጠጥቶ፣ ጥጉ ላይ የግራሶ አሻራ ይዞ። ይህን ቀጥ አድርጎ መስጠት አይበቃም። እጥፋቱን ወደ ተቃራኒው አጥፊው፤ ጠንከር አታድርጊ። ከዚያ ዘርግተሽ በወፍራም መጽሐፍ ስር አሳድሪው። ጠዋት ላይ ሌላ ወረቀት ሆኖ ታገኚዋለሽ። በካውያ ልተኩሰው የሚል አይጠፋም። ተዪው። ከመካከላቸው አንድ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ካለ የሚሆነውን ነግሬሻለሁ። ግራሶ ያለበትን ለብቻ ለይተሽ በመስታወቱ አንሺው። ፊደር ውስጥ ከገባ ወረቀት የሚስበው ጎማ ላይ ይቀባና ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ያቆሽሻል።

የካርኒ ደረሰኝ ሳልናገር እንዳላልፍ። ከላይ ሲጻፍ ከስር ሮዝ ወይም ቢጫ ቅጠል ላይ የሚታተመው ማለቴ ነው። ያ ወረቀት ካርቦን የለውም፤ ጀርባው ላይ በዓይን የማይታይ ትንንሽ የቀለም እንክብል ተቀብቷል። እስክሪብቶ ሲጫነው ይፈነዳል። ስካነሩ ውስጥ ስታሳልፊውም ጎማው ይጫነዋል። ኬሚካሉ ቀስ እያለ ጎማው ላይ ይሰበሰብና ጎማው መሳብ ያቆማል። ያኔ ማሽኑ «ወረቀት የለም» ይልሻል፤ ወረቀቱ ግን አፉ ላይ ተደርድሯል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ስስ ነው። ያንቺ የተቀደደችው ደረሰኝ ከዚህ ወገን እንደሆነች እጠረጥራለሁ።

ስስ ወፍራሙን እንዴት ልለይ ካልሽ፣ ወረቀት የሚለካው በግራም ነው። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ይባላል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወረቀት 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ኤ4 የዚያ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይሆናል። ለዚህ ነው 500 ቅጠል ያለው እሽግ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝነው። የማሽንሽ ማኑዋል ላይ ከስንት ግራም እስከ ስንት ግራም እንደሚቀበል ተጽፏል። ገልጠሽ እዪው። ሚዛን አያስፈልግሽም፤ 80 ግራሙን በአንድ እጅ፣ ደረሰኙን በሌላ እጅ ይዘሽ አሻሺያቸው። ጣት ቶሎ ይለምዳል።

ከዚያ በመጠን ለዪ። ኤ4 ከኤ4፣ ግማሹ ከግማሹ፣ ትንሿ ደረሰኝ ከትንሿ። ብዙ ሰው በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይሰጣል። የፊደሩ ሁለት ጎን ያሉት መያዣዎች የሚይዙት ሰፊውን ብቻ ነው። ጠባቡ መሃል ላይ እየዋለለ ይገባና ተጣሞ ይወጣል። ወይም ጥጉ ተጣጥፎ ይነከሳል። ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋብሽ መጀመሪያ ጥጉ ላይ በእርሳስ ስስ አድርገሽ ቁጥር ስጪ። በእርሳስ ብያለሁ፤ በእስክሪብቶ አይደለም።

የካርኒውን ከሃያ ሃያ በላይ አትስጪ። ለሌላውም ሳጥኑ ላይ 50 ስለተጻፈ 50 መሙላት የለብሽም። ያ ቁጥር ለአዲስና ለደረቀ ወረቀት ነው። ለአሮጌ ወረቀት ሰላሳ በቂ ነው። ከማስገባትሽ በፊት ክምሩን በሁለት እጅሽ ያዢና ጎንበስ ቀና እያደረግሽ እንደ ካርታ ተጫዋች ፍርር አድርጊው። በአራቱም ጠርዝ። አየር ይግባው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ ጠርዙን አስተካክዪ። ይህን ሳያደርጉ ሰጥቶ «ማሽኑ ሁለት ሁለት ይጎትታል» የሚለኝ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ እኛና እናንተ እንለያያለን። ደሴ ከናንተ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ናት፤ ከፍታውም ከ500 ሜትር በላይ ይጨምራል። በሐምሌና ነሐሴ ወረቀታችን እርጥበት ጠጥቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እኔ በክረምት ካርቶኑን አንድ ቀን ከፍቼ ሳላሳድር ማሽን አላስነሳም። የናንተ ችግር አቧራ ነው። ካርቶኑን ክፍሉ ውስጥ አትክፈቺው። ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ ካራገፍሽው በኋላ አስገቢው። የሻገተ ካገኘሽ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ለይተሽ አስቀምጪ፤ እስኪደርቅ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

ጥቁሩ መስመርሽም ከዚሁ አቧራ ይመስለኛል። ምልክቱ ይህ ነው። መስመሩ በየገጹ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ችግሩ ወረቀቱ አይደለም። በፊደር የሚገባ ወረቀት የሚነሳው ጣት በምታክል ቀጭን የመስታወት ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ካሜራው አይንቀሳቀስም። እዚያች ዘንግ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብታርፍ ወረቀቱ በሙሉ በፊቷ ሲያልፍ ነጥቧ ትዘረጋና መስመር ትሆናለች። በትልቁ መስታወት ስታነሺ መስመሩ ከሌለ ተረጋግጧል። ማሽኑን አጥፊና ክፈቺው። ዘንጉን ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጊ። ካልለቀቀ ጨርቁን ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ነካ አድርገሽ፣ ጨምቀሽ ጥረጊና ይድረቅ። ሁለቱንም ወገን የሚያነሳ ማሽን ከሆነ ሌላ ዘንግ ከላይ በኩልም አለ፤ እሷን ብዙ ሰው ይረሳታል። ጎማዎቹንም ማኑዋሉ በሚለው መንገድ እያዞርሽ ጥረጊ። ቤንዚንና ቲነር እንዳይነካቸው፤ ጎማውን ይበሉታል። ከተጠረገም በኋላ መስመሩ አልሄድ ካለ የእኔ ዕጣ ደርሶሻልና ባለሙያ ጥሪ።

ማህተሙ ጋ ደረስን። ስካነርሽ «ጥቁርና ነጭ» ላይ ነው የተቀመጠው። በዚህ ሞድ ማሽኑ ለእያንዳንዷ ነጥብ አንድ ውሳኔ ብቻ ይሰጣል፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ። ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ማህተም ለእሱ ከነጩ ይቀርባል፤ ስለዚህ ይጥለዋል። ጠቆር ያለው ደግሞ ከፊርማው ጋር ተዋህዶ አንድ የጠቆረ ድቡልቡል ይሆናል። ማህተም የሌለው ደብዳቤ እኛ አገር ምን ዋጋ እንዳለው ታውቂዋለሽ። ማህተም፣ ቲተር ወይም ፊርማ ያለበትን ሁሉ በቀለም አንሺ። ማሽኑ አንድን ቀለም ለይቶ የሚያጠፋ ምርጫ ካለውም መዘጋቱን እዪ። ለቅጽ ሥራ የተሠራ ነው፤ ላንቺ ማህተም በላተኛ ነው።

የጥራቱን ነገር ብዙ አታጨናንቂው። 300 ዲፒአይ በቂ ነው። ይህ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። አንድ ኤ4 በዚህ ሲነሳ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ከ8 ሚሊዮን ተኩል በላይ። ወደ 600 ስታሳድጊው እጥፍ የሚሆን ይመስላል። አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም በቁመትም በወርድም ያድጋል። ኮምፒውተርሽ ይንቀራፈፋል፣ ሃርድ ዲስክሽ ይሞላል፣ ደረሰኙ ግን ያው ደረሰኝ ነው። 600ን ለፎቶግራፍ ወይም በጣም ለደቀቀ ጽሑፍ ተዪው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥፊ፤ ባዶ ገጽ በራሱ የሚያስወግደውን። ሲሰሙት ጥሩ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ደረሰኝና ውል ጀርባው ላይ አንዳንዴ አንዲት ፊርማ ወይም «ተከፍሏል» የምትል ቲተር ብቻ ትኖራለች። ማሽኑ ባዶ ነው ብሎ ይጥላታል። ባዶውን ራስሽ አይተሽ ብታጠፊው ይሻላል።

ቁጠሪ። ይህን እየደጋገምኩ የምነግርሽ ስለተቃጠልኩ ነው። ባለፈው ክረምት 118 ደረሰኝ ለደንበኛ አነሳሁ። ኮምፒውተሩ ላይ 117 ምስል አለ። አንዱ የት ሄደ? ክምሩን አንድ በአንድ ከምስሉ ጋር እያመሳከርኩ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። በእርጥበት የተጣበቁ ሁለት ቅጠሎች አንድ ላይ አልፈው ኖሯል። አሁን ከእያንዳንዱ ክምር ላይ ብጣሽ ወረቀት አደርግና የቅጠሉን ብዛት እጽፋለሁ። ስካኑ ሲያልቅ ቁጥሩ ካልገጠመ ያን ክምር ብቻ ነው የማየው። አንዳንድ ማሽን ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ሲገባ በድምፅ ሞገድ አውቆ ይቆማል። ካለሽ አብሪው። በፕላስተር የተጠገነና ተለጣፊ ያለበትን ወረቀትም ሁለት ነው ብሎ ስለሚቆም እነሱን ለብቻ ስጪ።

መብራት ያው መብራት ነው። አንድ ክምር ባለቀ ቁጥር ሴቭ አድርጊ። መቶ ገጽ አንድ ላይ ይዘሽ አትቆዪ።

ስም አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይጨማለቃል። «ስካን 1»፣ «ስካን 2»፣ «የአባዬ አዲሱ የመጨረሻ»። ከስድስት ወር በኋላ ማን ያገኘዋል? መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ወስኚ። የናንተ ደረሰኝ በእኛ ነው፤ የጅቡቲው ወረቀት በፈረንጅ ነው። 2015 እና 2023 አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገናኙ ስምንት ዓመት የሚራራቁ ይመስላል፤ አንድ ሰሞን ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱን ምረጪና ሁሉንም ወደዚያ መልሺ። እኔ ዓመት፣ ወር በቁጥር፣ ዓይነቱ፣ የደረሰኝ ቁጥር ብዬ ነው የምጽፈው። ለምሳሌ 2015-03-ግዢ-0412 ይህ የኅዳር ነው። መስከረም 01 ነው እንጂ 1 አይደለም፤ አለዚያ ጥቅምትን የሚያመለክተው 2 ከ10 በኋላ ይሰለፍብሻል።

ፎልደሩን ግን በግብር ዓመት ክፈዪው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የሐምሌ፣ የነሐሴና የጳጉሜ 2015 ደረሰኝ የሚገባው 2016 ፎልደር ውስጥ ነው። ካርቶኑን የደረደረው ሰው ይህን ካላወቀ ሦስቱ ወራት በየዓመቱ የተሳሳተ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስትለዪ ያን ጊዜ አስተካክዪው።

ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጊው። አንድ ጉዳይ አንድ ፋይል ይሁን። ዲክላራሲዮን ከኢንቮይሱና ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር አብሮ ይቀመጥ እንጂ አይበተን። ጽሑፉን አንብቦ መፈለግ የሚያስችል ፕሮግራም አለ፤ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ነው፣ የታተመ አማርኛ ያነባል። የእጅ ጽሑፍ ላይ ተስፋ አታድርጊ። በታተመውም ቢሆን ሐዋላ በሐመሩ ሐ ተጽፎ አንቺ በሃሌታው ሀ ብትፈልጊው አያገኝልሽም። ለዚህ ነው የፋይሉ ስም ላይ የምጨነቀው።

ሲያልቅ ሁለት ቦታ ገልብጪው። አንዱ ሃርድ ዲስክ መደብሩ ይቀመጥ። ሌላው ከመደብሩ ውጭ፣ ቢቻል ከከተማውም ውጭ፣ የምታምኝው ዘመድ ቤት ይሁን።

አሁን ያቺ ደረሰኝ። ሁለቱንም ቁራጭ ንጹህ ወረቀት ላይ አስቀምጪ። የተቀደደውን ጠርዝ ተመልከቺ፤ አንደኛው ነጭ ከንፈር የመሰለ ዳር አለው። ያኛው ከስር ይሆናል። ሌላውን ከላዩ አጋጥሚው። ፕላስተሩ ፊቱን ይሸፍነዋል፣ ሙጫውም ከጊዜ ጋር ይቢጫል። ሳትለጥፊ እንዲሁ መስታወቱ ላይ ገልብጠሽ አንጥፊውና ከላዩ ነጭ ወረቀት ደርበሽ ክዳኑን ቀስ አድርገሽ ዝጊ። በቀለም፣ በ300 አንሺው። ቁጥሩና ማህተሙ መነበባቸውን አጉልተሽ እዪ። ከዚያ ሁለቱን ቁራጭ አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቺ። ፖስታው ላይ የደረሰኙን ቁጥርና «ስካን ሲደረግ የተቀደደ» ብለሽ ከነቀኑ ጻፊበት። ሂሳብ ሠራተኛችሁም ዛሬውኑ ይወቀው።